ዕፁን ከተወ ቆየ፤ የሚያየው ነገር ግን አልተወውም (ደብረ ብርሃን)

ስንዱ_ደብረብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታናሽ ወንድሜ ልጠይቃችሁ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ወንድሜ ለትምህርት አውሮፓ ሄዶ ነበር። እዚያ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ኤል.ኤስ.ዲ. የሚባለውን ዕፅ ይወስድ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። አሁን ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሷል። ዕፁንም ከተወ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራ ይዟል። ይበላል፣ ይስቃል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ችግሩ የሚያየው ነገር ላይ ነው።

ማታ አብረን ስንሄድ ባጃጅ ሲያልፍ ቆም ይላል። ባጃጁ ከሄደ በኋላ የኋላ መብራቱ ቀይ ጅራት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ይለኛል። እጁን ፊቱ ላይ ሲያወዛውዝ አንድ እጅ ሳይሆን የተደረደሩ እጆች ያያል። ነጭ ግድግዳ ላይ ትኩር ካለ ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስለዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጣቢያ እንደጠፋበት የድሮ ቴሌቪዥን አየሩ በሙሉ ይርመሰመስበታል። ባለፈው ቅዳሴ ሄደን በየጧፉ ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት ስለታየው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያስቀደሰው።

መነጽር ቤት ሄዶ ነበር። ለኩና መነጽር ሸጡለት፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። እናታችን "ዓይነ ጥላ ነው፣ ጻድቃኔ ማርያም ካልወሰድኩት" ብላ ይዛኛለች። ስለ ዕፁ አታውቅም። አጎቴ ደግሞ "ልጁ እየለቀቀ ነው" ይላል፣ ያውም እሱ ፊት።

ይሄ እብደት ነው? ይለቃል? የት ነው የሚታከመው? ስድብ ያለው ሰው ይለፈኝ።

ጀለሱ_ነኝ
የፈረንጅ አገር በሽታ ይዞ መጣ በይና! እዚህ ጠጁና አረቄው ምን አነሰው?

ስንዱ_ደብረብርሃን
ይለፈኝ ብዬ ነበር እኮ።

ነጭ_ጋዎን
እህት ስንዱ፣ የምሠራው በአእምሮ ሕክምና ነው። ወንድምሽን ሳላየው ይሄ ነው ብዬ አልፈርምም። የጻፍሽው ግን ኤች.ፒ.ፒ.ዲ. ከሚባለው ነገር ጋር በደንብ ይገጥማል። ዕፁ ከሰውነት ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ በዕፁ ጊዜ ይታይ የነበረው ነገር አልለቅ ሲል ወይም እየተመላለሰ ሲመጣ ነው እንደዚያ የሚባለው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 ሃቭሎክ ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፔዮቴ የሚባለውን የሜክሲኮ ቁልቋል ሞክሮ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ለብርሃንና ለቀለም ከወትሮው የበለጠ ንቁ ሆኖ እንደቆየ ጽፏል። ኤል.ኤስ.ዲ. ያኔ ገና አልተሠራም። እሱን አልበርት ሆፍማን ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ የሠራው በ1938 ነው። ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ደግሞ በ1943፣ በራሱ ላይ ደርሶ ነው። በ1983 ሄንሪ አብርሃም የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ኤል.ኤስ.ዲ. የወሰዱ 123 ሰዎችን መርምሮ ምልክቶቹን ለቃቅሞ አወጣ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጅራት ማውጣቱ፣ በዕቃ ዙሪያ ቀለበት መታየቱ፣ የቀለም ብልጭታው፣ ነገር አንሶ ወይም ገዝፎ መታየቱ ሁሉም እዚያ አለ። በአንዳንዶቹ ላይ ለዓመታት ቆይቷል። በ1987 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የበሽታ መለያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

መነጽሩ ለምን እንዳልሠራ ልንገርሽ። ዓይኑ ምንም ላይሆን ይችላል። አንጎል ከዓይን የሚመጣለትን ሁሉ እንዳለ አይቀበልም። ያለፈውን ምስል ያጠፋል፣ የማይረባውን ብልጭታ ያፍናል። እኛም ብንሆን አምፖል ላይ አፍጥጠን ዘወር ስንል ጥላው ትንሽ ይከተለናል፤ ከዚያ ይጠፋል። ኤል.ኤስ.ዲ. የሚይዘው 5-ኤችቲ2ኤ የሚባለውን የሴሮቶኒን (አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር) ተቀባይ ነው። እሱ ደግሞ ማየትን በሚሠራው የአንጎል ክፍል በብዛት አለ። በአንዳንድ ሰው ላይ ያ የማፈን ሥራ ላልቶ ይቀራል ነው የሚባለው። ይሄ ግምት ነው፤ ሚዛን የሚደፋው ግን እሱ ነው።

"ዕፁ አከርካሪ ውስጥ ተደብቆ እየተለቀቀ ነው" የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። ኤል.ኤስ.ዲ. በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። የቀረው ዕፁ ሳይሆን ለውጡ ነው።

እብደት ነው ወይ ላልሽው፣ ባልሽው መሠረት አይመስለኝም። ወንድምሽ ጅራቱን ያያል፤ ግን ጅራት እንደሌለ ያውቃል። ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ሰው ሊጎዳኝ ነው የሚል ከሆነ፣ ያየውን ነገር አምኖ የሚከራከር ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ ቶሎ ይምጣ። አጎትሽን በዚህ አስታግሺልን።

ስንዱ_ደብረብርሃን
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ድምፅ አይሰማም፣ የሚጠረጥረውም ሰው የለም። እንዲያውም "እንዳላበድኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" እያለ ይስቃል። ሳቁን አልወደድኩትም እንጂ።

ሲኖትራክ
እኔ ከአዲስ አበባ ደሴ ነው የምሠራው። ኤል.ኤስ.ዲ. የሚባል ነገር ከእናንተ መስማቴ ነው። ግን ይሄ ቀለበት የምትሉት እኔም ላይ አለ። ማታ ጣርማበር ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ተበትኖ ጨረር ጨረር ይሆናል። ጉም ሲኖርማ አይነሳ። ደብረ ሲና እስክወርድ ፍሪሲዮን ላይ ያለው እግሬ ይንቀጠቀጣል። የተለመደው ጫት አለች እንግዲህ፣ አልዋሽም። እኔም ይሄ ኤች ምናምን ይዞኝ ነው?

የዓይን_ነገር
ኦፕቶሜትሪስት (የዓይን መርማሪ) ነኝ፣ ለሲኖትራክ ልመልስ። ወንድሜ፣ ያንተ ከዚህ የተለየ ይመስላል። መብራት የሚበተነው ብዙ ጊዜ ዓይን ላይ ባለ ምክንያት ነው። መነጽር የሚፈልግ ዓይን፣ የጀመረ ሞራ፣ የደረቀ ዓይን፣ የተፋቀ የፊት መስታወትም ሊሆን ይችላል። ጫት ደግሞ ብሌንን ያሰፋል። ሰፍቶ የቆየ ብሌን በማታ መብራት ሲመታ ብርሃኑ ይበተናል። እንቅልፍ ማጣቱን ጨምርበት። ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይተኛ ሲቀር ያለምንም ዕፅ የሌለ ነገር መንገድ ላይ ማየት ይጀምራል።

አንድ ነገር አስተውል። ቀለበቱ ከዓይን ሕመም፣ ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ ጋር ድንገት ከመጣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ሊሆን ይችላል። እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። እስከዚያው ማታ ጣርማበርን ተዋት።

ሲኖትራክ
ማታ ካልነዳሁ ባለንብረቱን አንተ ታናግርልኛለህ?

ጋሽ_ይፋት
ልጆች፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። እናንተ አውሮፓ ድረስ ትሄዳላችሁ፤ የሚያሳብደው ቅጠል እዚሁ አጥራችን ሥር አለ። አስተናግር። አጤ ፋሪስም የሚሉት አሉ። እኛ ዘንድ ቆላው ላይ እርሻው ዳር፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ፣ በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ነጭ አበባ አለው፣ ፍሬው እሾህ ያለበት ድብልብል ነው። የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው የፍሬውን ጢስ ሲታጠን አይቻለሁ።

ልጅ ሆነን ከእኛ መንደር አንድ ልጅ ፍሬውን በላ። አፉ ደረቀ፣ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ጥቁሩ ብቻ ሆነ። ከዚያ አየር ላይ ክር ይለቅም ጀመር። በጣቱ እየያዘ ይጠቀልላል። የሞተች አያቱን ቡና አፍልታለች ብሎ "ጀባ" ይላታል። ቀኑም ሌሊቱም ይሄው ነበር። በኋላ ዳነ፤ ያደረገውን አንዱንም አያስታውስም። ግን ለሰነባበቱት ቀናት ዳዊቱን ማንበብ አቅቶት፣ ፀሐይ ላይ መውጣት አቅቶት ነበር።

አብሾ የሚሉትም አለ። ለቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ተብሎ የሚሰጥ ነው። ከዚሁ ከአስተናግር ነው የሚሠራው ይባላል። አብሾ የጠጣ ሰው ሲያረጅ እንኳ መጠጥ ከቀመሰ ይነሳበታል ሲሉ ሰምታችኋል መቼም። ጠጥቶ የሚረብሸውን "አብሾ አለበት" የምንለው ለዚያ ነው። ታዲያ ይሄ የስንዱ ወንድም ነገር ከዚያ ጋር አይገናኝም?

ነጭ_ጋዎን
ጋሼ፣ ክር መልቀሙን የጻፉት ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

መልካቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው። ሰውየው ራሱን ይስታል፣ የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ ያናግራል፣ ሲነቃ አያስታውስም። ኤል.ኤስ.ዲ. የወሰደ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ነገር ተዛብቶ ነው የሚታየው፤ ዕፅ እንደወሰደም ያውቃል። ልጁ ማንበብ ያቃተውና ፀሐይ የሸሸው ብሌኑ ሰፍቶ ስለቀረ ነው። አትሮፒን የቅርቡን ማየት ያዛባል፤ የዓይን ሐኪሞች ለምርመራ በጠብታ የሚጠቀሙበትም እሱኑ ነው። በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ኤች.ፒ.ፒ.ዲ. የምንለው ይሄን አይደለም።

አስተናግር ግን ከኤል.ኤስ.ዲ. ይልቅ ሰው ይገድላል፤ ልብ ያስሮጣል፣ ሰውነት ያግላል። የበላ ልጅ ካያችሁ "ይለቀዋል" ብላችሁ አትቀመጡ።

ስለ አብሾ፣ ሰው አንዴ ጠጥቶት ዕድሜ ልኩን ውስጡ ተደብቆ ይኖራል የሚለው ቅድም ስለ አከርካሪ ካልኩት ጋር አንድ ወሬ ነው። ጠጥቶ የሚረብሽ ሰው በአረቄው ነው የሚረብሸው።

ጋሽ_ይፋት
አረቄውን ካነሳህ አይቀር ስንቱን ሰው አብሾ ነው እያልን በነጻ አሰናብተነዋል ማለት ነው።

የዓይን_ነገር
አረቄ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጀለሱም ያንብበው። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ካለበት የሚጎዳው የዓይን ነርቭን ነው። ከሰዓታት በኋላ "ሁሉ ነገር ነጭ ሆነብኝ፣ ደበዘዘብኝ" የሚል ሰው ካያችሁ ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት፤ ዓይኑ በዚያው ሊጠፋ ይችላል። ሐኪም ቤት በዚያው ሰዓት።

ሙሉ_ከዳላስ
ስንዱ፣ ትውልዴ ዓለም ከተማ ነው፤ የምኖረው ዳላስ። የወንድምሽ ነገር እኔም ላይ አለ። በእኔ ላይ ያመጣው ለዕፅነት የሚበላ የእንጉዳይ ዓይነት ነው። ዓመታት ሆኖታል።

የሚጠቅመውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ራሴን ስፈትን ነበር የምውለው። ጣቴን አወዛውዛለሁ፣ ጣራ ላይ አፈጥጣለሁ፣ ዛሬስ ለቆኝ ይሆን እላለሁ። የሚፈልግ ሰው ያገኛል። ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ በደነገጥኩ ቁጥር ይብሳል። ሐኪሜ መጀመሪያ ያስጣለኝ ይሄንን ፈተና ነው። አሁን ማታ ጣራው ላይ ያ መርመስመስ አለ፤ ግን ሳላስበው እተኛለሁ።

ሁለተኛ ጋንጃ። "ያረጋጋሃል" ብለው አጨሱኝ፤ የተኛውን ሁሉ ቀሰቀሰብኝ። ወንድምሽ እንዳይነካው። ቡና ሲበዛብኝ፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ጨለማ ውስጥ ስልክ ላይ ሳፈጥም ይብስብኛል። ትንሽ መብራት አብርቼ ነው የምተኛው።

ሦስተኛ፣ አንድ ሐኪም የእብደት ነው ብሎ ሪስፔሪዶን ሰጥቶኝ ነበር። የበለጠ ተቀጣጠለ። ሌላ ሐኪም ለወጠልኝ።

ነጭ_ጋዎን
ሙሉ ያልከው ሁሉ ከምናውቀው ጋር ይሄዳል። ሪስፔሪዶን ያባሰባቸው ሰዎች እንዳሉ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። ለዚህ ነው ዕፁ መነገር ያለበት። ሐኪሙ ሳያውቅ "የሌለ ነገር ያያል" ብቻ ከተባለ እጁ ቀጥታ ወደዚያ መድኃኒት ነው የሚሄደው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። ክሎናዜፓም፣ ክሎኒዲን፣ ላሞትሪጂን የረዳቸው አሉ። ክሎናዜፓም ሱስ ያስይዛል፤ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ከፋርማሲ በጓደኛ ምክር የሚገዛ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ያለ መድኃኒትም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳይለቃቸው የሚቆይባቸውም አሉ።

አንባቢው
ግን እኮ እነዚህ ነገሮች አሁን መድኃኒት ናቸው እየተባለ ነው። ሲሎሳይቢን (እንደ ሙሉ ያለው እንጉዳይ ውስጥ የሚገኘው) ለድባቴ በትልልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየተሞከረ ነው። እንደዚህ ዓይን የሚያበላሽ ቢሆን ይፈቅዱ ነበር? ስንት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው?

ነጭ_ጋዎን
ጥሩ ጥያቄ ነው። እየተሞከረ ነው፣ እውነት ነው። እዚያ ሰዎቹ አስቀድመው ይጣራሉ፤ በቤተሰቡ እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት አይገባም። መጠኑ ተለክቶ፣ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ዓይን ላይ የሚቀር ችግር ብዙም አይታይም። ኤል.ኤስ.ዲ. ተነክሮበታል ተብሎ መንገድ ላይ የምትገዛው ወረቀት ላይ ግን ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ስንት ሰው ላይ ላልከው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በኢንተርኔት የተደረገ መጠይቅ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዕፆችን የሞከሩ ከ2,400 በላይ ሰዎች መለሱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕፅ ሳይወስዱ የሆነ ነገር ታይቶን ያውቃል አሉ። ሕክምና ልፈልግ ወይ እስኪሉ የረበሻቸው ግን 4.2 በመቶ ናቸው። ፈቅዶ የመለሰ ሰው ብቻ ስለሆነ ከዚህ ተነስተህ "ከመቶ አራቱ" ብለህ አትደምድም። ግን ማየቱና መረበሹ ሁለት ነገር መሆኑን ያሳይሃል። ማን ላይ እንደሚቀር ደግሞ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

አንኮበሬ
ዕፅ ሳይቀምስስ? አያቴ ሰማንያውን ያለፈች ናት፣ ሁለቱም ዓይኗ ሞራ አለበት። መደቡ ጫፍ ላይ ትንንሽ ሰዎች ቀይ ለብሰው ተቀምጠዋል ትላለች። አትፈራቸውም፣ "እነዚያ ዛሬም መጡ" ነው የምትለው። እነሱ ግን አያናግሯትም። ቤተሰቡ ቄስ ጠርቶ ቤቱን አስረጭቷል።

የዓይን_ነገር
አንኮበሬ፣ ይሄ የታወቀ ነው። ቻርልስ ቦኔት የተባለ የጄኔቫ ሰው እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ ራሱ አያት የጻፈው ይሄንኑ ነው፤ እሳቸውም ሞራ ነበረባቸው። ዓይን ለአንጎል የሚልከው ሲቀንስበት አንጎል ባዶውን ከራሱ ይሞላዋል። እያየቻቸውም የእውነት እንዳልሆኑ ካወቀች አእምሮዋ ደህና ነው። ሞራው ቢነሳላት ሰዎቹም ሊሄዱ ይችላሉ። አይዘግይባት።

የስንዱ ወንድምም ቢሆን "ዕፁ ነው" ብለን ብቻ አንዝጋው። ቴሌቪዥን ያለችው መርመስመስ ዕፅ ነክቷቸው በማያውቁ ሰዎችም ላይ አለ። ብዙዎቹ ማይግሬን ያለባቸው፣ ጆሯቸው የሚጮህባቸው ናቸው። የዓይኑ ጀርባ ይታይ። ሐኪሙ ካስፈለገው የአንጎል ሞገድ ምርመራና ኤም.አር.አይ. ያዛል።

ወለተ_ማርያም
ስለ ጠበሉ ማንም አላወራም። እናትየዋ ልጄ ቢድንልኝ ብላ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ስንቱ ድኖ ሲመለስ ያየሁ ነኝ። በሐኪም ወሬ እምነቷን አታስጥሏት።

ነጭ_ጋዎን
ማንም አያስጥላትም፣ እማማ። እኔም እጠመቃለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። መድኃኒት ከተጀመረ "ጠበል ላይ ነህና ተወው" ተብሎ እንዳይቆም፤ ካህናቱንም ጠይቁ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ተጠመቅ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌላው፣ ይሄ ልጅ ራሱን የሚያውቅ ልጅ ነው። እብድ ተብሎ በገመድ ታስሮ እንዳይወሰድ። ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ በብርዱ ሲቆም የሚያየውም ይብስበታል።

ወለተ_ማርያም
እማማ አትበለኝ፣ ገና ነኝ። ያልከው ግን ያስኬዳል። ስንዱዬ፣ እናትሽን እኔ ልምከርልሽ ካልሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ከሰላድንጋይ ወዲያ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ማደሪያም አለኝ።

ስንዱ_ደብረብርሃን
ሁሉንም አስነበብኩት። ሙሉ የጻፈውን ሁለቴ ነው ያነበበው። "በየቀኑ ጣቱን የሚያወዛውዝ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው" አለ። ትናንት ማታ መብራት ሳያጠፋ ተኛ።

ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ብሏል። የሚፈራው ዕፁን ቢናገር ለፖሊስ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ እንዳይነገርበት ነው። እናታችን አብራን ልትገባ ትፈልጋለች፣ እሱም አስጨንቆኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

ነጭ_ጋዎን
ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል፤ የሚጠየቀው ለማከም እንጂ ለመክሰስ አይደለም። ለመግባቱ ብቻውን ይግባ። ነርሷን አስቀድመሽ "ብቻውን ማነጋገር ይፈልጋል" በያት፣ እናትሽን እነሱ ራሳቸው ውጭ ያስጠብቁልሻል። ለእናትሽ መናገር አለመናገር የእሱ ነው፤ አንቺም አጎትሽም አትቅደሙት።

ወረቀት ላይ ይጻፍ። ምን ወሰደ፣ መቼ ተወ፣ መጀመሪያ የታየው መቼ ነው፣ ምን ያብሰዋል፣ ራስ ምታት አለው ወይ፣ ወድቆ ያውቃል ወይ። የመነጽሩን ወረቀትም ያዙ። መጀመሪያ ዓይን ክፍል፣ ከዚያ አእምሮ ሕክምና። እዚያው ካልተቻለ ወደ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሪፈር ይጽፉለታል። እስኪታይ ማታ መኪና እንዳይነዳ።

ጀለሱ_ነኝ
ስንዱ፣ የመጀመሪያውን ፉገራ እርሺው። ዓይን ክፍል ካርድ የሚያወጣ የሰፈር ልጅ አለኝ፤ በጠዋት ሰልፍ ይይዝላችኋል።

ሲኖትራክ
ለእኔም ይያዝልኝ። ሐሙስ ጠዋት ከደሴ እመለሳለሁ፣ ባለንብረቱን አናግሬዋለሁ። በቀን ብቻ ንዳ ብሏል፣ ዋጋ ግን ቀነሰብኝ።